ቁጠባ ሲበዛ
ላፕቶፕ ሲነሣ የኃይል ቁጠባውን ስለ ማቆም

ቁጠባ መልካም ነገር ነው። እህሉን ቆጥቦ የሚበላ ገበሬ ክረምቱን በደኅና ያልፋል። ማገዶዋን ቆጥባ የምታነድ እናት ወደ ጫካ የምትመላለስበት ቀን ይቀንስላታል። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ይሁን እንጂ ቁጠባም ልክ አለው። አንድ ገበሬ በሬዎቹ እንዳይደክሙበት ብሎ በየትልሙ ጫፍ ከቀንበር እየፈታ ቢያሳርፋቸው ምን ይሆናል? አንድ ትልም ያርሳል፤ ይፈታል። እንደገና ይጠምዳል፤ አንድ ትልም ያርሳል፤ ደግሞ ይፈታል። በሬዎቹ ጥቂት ያርፉ ይሆናል። ምራኑ ግን በመታሰርና በመፈታት ብዛት ያልቃል፤ ማነቆው ይሰበራል። እርሻው ሳያልቅ ቀኑ ይመሻል። ጎረቤቱ ቢያየው፣ “ምን ነካህ ወንድሜ? በሬ የሚፈታው ሥራ ሲያበቃ እኮ ነው!” ይለዋል።

በዚህ ምንባብ የምንነጋገረው ልክ እንደዚህ ገበሬ ስለሚያደርግ አንድ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ላፕቶፕ ይባላል። ጥቂት ኃይል ልቆጥብ ሲል የራሱን አካል ይጨርሳል። አካሉ ሲያልቅ ደግሞ በውስጡ የተጻፈው መዝገብ አብሮ ይጠፋል። ይህ እንዴት እንደሚሆንና እንዴት እንደሚከለከል ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

1. ላፕቶፕ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ጽሑፍ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚያሰላ፣ መዝገብ የሚያስቀምጥ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ከኮምፒዩተሮች መካከል እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ የሚታጠፈውና በክንድ ተይዞ የሚሄደው ላፕቶፕ ይባላል።

ላፕቶፕ ኃይል የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣው መብራት ነው። ሁለተኛው በውስጡ ያለው ባትሪ ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪው ይሠራል። ባትሪው ግን እንደ ቅል ውሃ ነው፤ በጠጡት መጠን ያልቃል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅ ብለው ላፕቶፑን ቁጠባ አስተማሩት። ጥቂት ጊዜ ካልነኩት መስተዋቱን ያደበዝዛል። ቆየት ሲል ያጠፋዋል። ከዚያም ራሱ ያንቀላፋል። ይህ ሁሉ የኃይል ቁጠባ ይባላል።

“ታዲያ እኛ ላፕቶፕ የለን፣ ምን አገባን?” የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አስቡት። የማኅበራችሁ የእህልና የገንዘብ ሒሳብ፣ የልጆቻችሁ የትምህርት ውጤት፣ የመሬታችሁ ይዞታ ዛሬ በየቦታው በኮምፒዩተር መጻፍ ጀምሯል። መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ በውስጡ የተጻፈው ስም ግን የእናንተ ነው። ስሙ የተጻፈበትን ነገር አያያዝ ማወቅ የባለ ስሙ መብት ነው።

2. መዝገቡ የሚቀመጠው የት ነው?

በብዙ ላፕቶፖች፣ በተለይ ቆየት ባሉት፣ መዝገቡ የሚቀመጠው ሃርድ ዲስክ በሚባል ዕቃ ውስጥ ነው። ዕቃው ከእጅ መዳፍ ያነሰ ጠፍጣፋ ሣጥን ነው። በሣጥኑ ውስጥ እንደ ትንሽ ምጣድ ክብ የሆነና እንደ መስተዋት የለሰለሰ ሸክላ አለ። ይህ ሸክላ ይሽከረከራል። በብዙዎቹ የላፕቶፕ ዲስኮች ፍጥነቱ በደቂቃ 5,400 ዙር ነው። ይህ በሴኮንድ 90 ዙር ማለት ነው።

ከሸክላው በላይ አንድ ቀጭን ክንድ አለ። በክንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ማንበቢያ አለች። የምትጽፈውም የምታነበውም እርሷ ናት። የድሮ ዘፈን ማጫወቻ ያየ ሰው መርፌዋን ያስታውስ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የዘፈኑ መርፌ ሸክላውን ትነካለች። የዲስኩ ማንበቢያ ግን አትነካውም። ሸክላው ሲሽከረከር የሚፈጥረው ነፋስ ደግፎ ያንሳፍፋታል። በእርሷና በሸክላው መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ፀጉር ውፍረት በሺዎች ጊዜ ያንሳል።

ማንበቢያዋ ሥራ ስታቆም በሸክላው ዳር ወዳለች ትንሽ ማረፊያ ትወጣለች። እዚያ ቁጭ ትላለች። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ላፕቶፑ ቢወድቅ ወይም ቢመታ ማንበቢያዋ ሸክላውን ፍቃ መዝገቡን እንዳታጠፋ ይጠብቃል። ሲጠፋም ሲያንቀላፋም ማንበቢያዋ ማረፊያዋ ላይ ናት።

3. ጥፋቱ ከየት መጣ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ማንበቢያዋ ወደ ማረፊያዋ ስትወጣና ስትወርድ ትታሻለች። አንድ ጊዜ መታሸት ምንም አይደለም። ሺህ ጊዜም ምንም አይደለም። ነገር ግን ጠብታ ውሃ ድንጋይ ይበሳል። ስለዚህ የዲስክ ፋብሪካዎች፣ “ይህ ዲስክ ይህን ያህል ጊዜ መውጣትና መውረድ ይችላል” ብለው ቁጥር ይሰጣሉ። ለብዙ የላፕቶፕ ዲስኮች የተሰጠው ቁጥር 600,000 ነው።

600,000 ሲባል ብዙ ይመስላል። እስቲ እናስላው።

ማንበቢያዋ በ10 ደቂቃ 1 ጊዜ ብታርፍ በሰዓት 6 ጊዜ ነው። ላፕቶፑ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 48 ጊዜ ይሆናል። 600,000ን ለ48 ስናካፍል 12,500 ቀን እናገኛለን። ይህ ከ34 ዓመት በላይ ነው። ላፕቶፑ ራሱ ይህን ያህል አይኖርም። ስለዚህ ስጋት የለም።

በደቂቃ 2 ጊዜ ብታርፍስ? በሰዓት 120 ጊዜ ነው። በ8 ሰዓት 960 ጊዜ ነው። 600,000ን ለ960 ስናካፍል 625 ቀን እናገኛለን። ይህ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ቁጥሩ በሞላ ቀን ዲስኩ ይሞታል ማለት አይደለም። የሚቆይም አለ፤ ቀድሞ የሚሄድም አለ። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜ ፋብሪካው ያልተናገረለት ዕድሜ ነው።

“በደቂቃ ሁለት ጊዜ እንዴት ያርፋል? ይህን ያህል ሰነፍ ነው እንዴ?” ትሉ ይሆናል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሁለት አካላት ሳይነጋገሩ ስለሚሠሩ ነው።

አንደኛው ዲስኩ ነው። ፋብሪካው፣ “ለጥቂት ሴኮንድ የሚጠራህ ካጣህ ማንበቢያህን አሳርፍ፣ ኃይል ቆጥብ” ብሎታል። ሁለተኛው ሥርዓተ ክወና የሚባለው ነው። ሥርዓተ ክወና ማለት ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚነቃና ሌላውን ሥራ ሁሉ የሚያዝ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ የሚባሉት ሥርዓተ ክወናዎች ናቸው። ሥርዓተ ክወና ዝም ያለ ቢመስልም አያርፍም። የሆነውን ሁሉ በማስታወሻ ይይዛል። ያንን ማስታወሻ በየጥቂት ሴኮንዱ ወደ ዲስኩ ይጽፋል።

እንግዲህ ዲስኩ፣ “አሁን ጸጥ አለ፣ ልረፍ” ብሎ ማንበቢያውን ያወጣል። ወዲያው ሥርዓተ ክወናው፣ “ና፣ አንድ መስመር ጻፍ” ይለዋል። ይወርዳል፤ ይጽፋል። ጸጥ ሲል ደግሞ ይወጣል። ሁለቱም በየበኩላቸው ትክክል ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን በየትልሙ በሬ የሚፈታው ገበሬ ሆኑ።

ይህ ነገር በደንብ የታወቀው በ1999 እና በ2000 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007፣ ነው። በዚያን ጊዜ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት የሚጠቀሙ ሰዎች ነገሩን አዩ። ኡቡንቱ በ1997 ዓ.ም. የወጣ ነው። ያስጀመረው ማርክ ሻትልወርዝ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ነው። ስሙም የደቡብ አፍሪካ ቃል ነው። በነፃ ስለሚሰጥ ብዙ ሰው ወስዶታል። ተጠቃሚዎቹ የላፕቶፓቸውን ዲስክ ቁጥር ሲያዩ በጣም በፍጥነት ሲወጣ አገኙት። ብዙዎች “ኡቡንቱ ዲስካችንን ጨረሰ” አሉ። ነገሩ ሲጣራ ግን በብዙ ላፕቶፖች ላይ ፈጣኑን የማረፊያ ትእዛዝ የሰጠው ፋብሪካው ሆኖ ተገኘ። የሥርዓተ ክወናው ተደጋጋሚ ጽሕፈት ደግሞ ያባብሰዋል።

ከዚህ ሁሉ የተቆጠበው ስንት ነው? ማንበቢያዋ በማረፏ የሚተርፈው ኃይል ከ1 ዋት በታች ነው። ላፕቶፑ በጠቅላላው ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ዋት ይፈጃል። በተለይ ከሶኬት ጋር ተያይዞ ሲሠራ ይህች ትራፊ ከምንም አትቆጠርም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው።

4. ለምን ሲነሣ?

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዲስኩን፣ “በየጥቂት ሴኮንዱ አትረፍ” ብሎ ማዘዝ ነው። ግን አንድ ችግር አለ። አብዛኛው ዲስክ ትእዛዙን የሚያስታውሰው መብራት እስካለው ድረስ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ ዲስኩ የሰማውን ረስቶ ፋብሪካው ወዳዘዘው ይመለሳል።

በየቀኑ የሚለዋወጥ እረኛ ያላችሁ እንደሆነ አስቡ። ትናንት ለመጣው፣ “በዚያ በኩል አዝመራ አለ፣ ከብቶቹን ወደዚያ አታስጠጋ” ብላችሁታል። ዛሬ የመጣው ግን አልሰማም። ስለዚህ በየጠዋቱ መናገር አለባችሁ። ላፕቶፕም እንዲሁ ነው። ትእዛዙ በተነሣ ቁጥር መነገር አለበት።

ሰው በየጠዋቱ ቢነግረው አንድ ቀን መርሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ትእዛዙ ሥርዓተ ክወናው ሲነሣ በሚያነበው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ወረቀት ስንል በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ማለታችን ነው። አንድ ጊዜ ከተጻፈ፣ ሥርዓተ ክወናው በነቃ ቁጥር አንብቦ ለዲስኩ ይነግራል።

5. እንዴት ይደረጋል?

ይህን የሚሠራው የኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃል ያለው ሰው ነው። እናንተም ሥራውን ብታውቁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሀ) በመጀመሪያ የዲስኩን ዓይነት ማወቅ። አዲሶቹ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ኤስኤስዲ የሚባል ማስቀመጫ አላቸው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ሸክላም፣ የምትወጣ የምትወርድ ማንበቢያም የለውም። ስለዚህ ይህ ችግር አይመለከተውም። ችግሩ ያለው በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ነው።

ለ) ቁጥሩን ማየት። ዲስኩ ስማርት የሚባል የራሱ የጤና መዝገብ አለው። በዚያ መዝገብ በ193 ተራ ቁጥር ላይ ማንበቢያዋ ስንት ጊዜ እንዳረፈች ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩን በደብተር ጻፉ። ከ1 ሰዓት በኋላ እንደገና አይታችሁ ቀንሱ። ልዩነቱ 5 ወይም 10 ከሆነ ዲስኩን አትንኩት፤ ደኅና ነው። ልዩነቱ ከ100 በላይ ከሆነ ግን እርምጃ ያስፈልጋል።

ሐ) ትእዛዙን መስጠት። በሊኑክስ ላይ ኤችዲፓርም የሚባል ፕሮግራም አለ። ለዲስኩ የቁጠባ ቁጥር ይነግርለታል። ቁጥሩ ከ1 እስከ 254 ነው። 1 ማለት ክፉኛ ቆጥብ ማለት ነው። 254 ማለት ቁጠባውን ተውና ሥራ ማለት ነው። ከ127 በታች ያሉት፣ 127ም ጭምር፣ ሸክላው ራሱ መሽከርከሩን እንዲያቆም ይፈቅዳሉ። ከ128 ጀምሮ ያሉት ይህን አይፈቅዱም። 255 ከተባለ ደግሞ ቁጠባው ጨርሶ ይጠፋል፤ ነገር ግን ይህን የማይቀበሉ ዲስኮች አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ 254ን መሞከር ነው።

መ) መሞከርና ማጽናት። ቁጥሩን ከሰጡ በኋላ እንደገና ለ1 ሰዓት ማየት ነው። የማረፉ ቁጥር ከቀነሰ ትእዛዙ ሠርቷል። ያን ጊዜ ኤችዲፓርም ሲነሣ በሚያነበው ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። በኡቡንቱ ይህ ወረቀት ለሶኬትና ለባትሪ የተለያየ ቁጥር ሊይዝ ይችላል።

ሠ) አጥፍቶ ማስነሣት። ላፕቶፑን ፈጽሞ አጥፍቶ ማስነሣትና ቁጥሩን ማየት ነው። እንደዚሁም አስተኝቶ ማንቃት ነው። አንዳንዱ ዲስክ ከእንቅልፍ ሲነቃም ይረሳልና። የረሳ እንደሆነ ከእንቅልፍ ሲነቃም ትእዛዙ እንዲነገረው ማድረግ ያስፈልጋል።

በዊንዶውስ ላይ የኃይል አማራጮች የሚባል ገጽ አለ። እዚያ ዲስኩ ከስንት ደቂቃ በኋላ መሽከርከሩን ያቁም ተብሎ ይጠየቃል። “ፈጽሞ አያቁም” ተብሎ ሊሞላ ይችላል። ዊንዶውስ የተሞላውን ራሱ ያስታውሳል። ልብ በሉ! ይህ የሚመለከተው የሸክላውን መቆም እንጂ የማንበቢያዋን ማረፍ አይደለም። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

6. ቁጠባውን የማናቆመው መቼ ነው?

ቁጠባ ሁሉ ጠላት ነው አላልንም። መብራት በሌለበት ቀበሌ፣ በባትሪ ብቻ ወይም በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ ሰው እያንዳንዷ ዋት ዋጋ አላት። እንዲህ ያለው ሰው የመስተዋቱን ብርሃን ይቀንስ፤ ሥራ ሲያበቃ ላፕቶፑን ያጥፋ። ከዚህ የሚገኘው ቁጠባ ማንበቢያዋን ከማመላለስ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ላፕቶፑ በመኪና ላይ ወይም በእግር ጉዞ እየተንገላታ ተከፍቶ የሚሠራ ከሆነ የማንበቢያዋ ማረፍ ይጠቅማል። ቁጠባው የቆመበት ላፕቶፕ ግን ሥራ ላይ እያለ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ የለበትም። መጀመሪያ ይጥፋ፤ ከዚያ ይነሣ።

ሦስተኛ፣ ዲስኩ ሳያርፍ ሲሠራ ጥቂት ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ ላፕቶፑን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት ነፋስ መግቢያውን ይደፍንበታል። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

7. ከሁሉ በላይ ቅጂ

ዲስኩን የቱንም ያህል ብንጠነቅቅለት አንድ ቀን ያልቃል። የማያልቅ መሣሪያ የለም። ማረሻውም ያልቃል፤ ማጭዱም ያልቃል። ማረሻ ሲያልቅ ግን ሌላ ይገዛል። መዝገብ ሲጠፋ ከገበያ አይገዛም። የማኅበርተኛው ያልተከፈለ ገንዘብ፣ የባለ ይዞታው ድንበር በአንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ ከነበረ ከሣጥኑ ጋር ይቀበራል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ክርክር ነው።

እናንተ ዘር በአንድ ጎተራ ብቻ አታስቀምጡም። ነቀዝ ቢገባ ወይም እሳት ቢነሣ ምን እንዘራለን ትላላችሁና። መዝገብም ዘር ነው። ቅጂው በሌላ ዲስክ ላይ፣ በሌላ ቤት መቀመጥ አለበት።

እንግዲህ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ስማችሁ በኮምፒዩተር ሲጻፍ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። “የዚህ መዝገብ ቅጂ ሌላ ቦታ አለ ወይ?” በሉ። “ዲስኩ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ ታይቷል ወይ?” በሉ። ሠራተኛው ካየ ይነግራችኋል። ካላየም በጥያቄያችሁ ምክንያት ያያል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የዲስኩ ማንበቢያ ሸክላውን ትነካለች ወይስ አትነካም? ለምን?
2. ማንበቢያዋ በደቂቃ 1 ጊዜ ብታርፍና ላፕቶፑ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ፣ 600,000 በስንት ቀን ይሞላል? በደብተራችሁ አስሉ።
3. ትእዛዙ ላፕቶፑ በተነሣ ቁጥር መነገር ያለበት ለምንድን ነው?
4. ቁጠባውን ማቆም የማያስፈልገው መቼ ነው?
5. በእናንተ ቤት ወይም ማኅበር ሲበዛ ጥፋት የሚሆን ቁጠባ አለን? በቡድን ተወያዩበት።